ሂሳቡን በሽማግሌዎች ላይ የጻፈው ማነው?

ነገሩ የተጀመረው ማኪያቶ ላይ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አክስት ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ገብተው ነበርና ለሕክምናው መዋጮ እያሰባሰብን ነበር። ጠረጴዛውን ከከበቡት አንዱ ወዳጃችን (ስሙን አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል) ሁለት መቶ ብሩን መዘዝ አድርጎ አስቀመጠና እንዲህ አለ፦ «መቼም አትቆጡኝ። በዚህ ዕድሜ ላይ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ገንዘብ ነው። አሜሪካ እንኳ አልቻለችውም። ከሕክምና ወጪዋ ሩቡ የሚያልቀው ሊሞቱ አንድ ዓመት በቀራቸው ሽማግሌዎች ላይ ነው። በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

እኛ አገር «በጥናት የተረጋገጠ ነው» ከተባለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው ወይ ያልተማረ ነው ወይ ስሜታዊ ነው። እኛም እንዳንባል ፈርተን ዝም አልን። አክስትየው 71 ዓመታቸው ነው። ያሳደጉት ልጅ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ማኪያቶውን ያማስል ነበር።

ያ ዝምታ ስላናደደን ይህችን ጻፍን። ለወዳጃችን «ሽማግሌ ይከበራል፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚል ስብከት አላዘጋጀንም፤ እሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፣ ለውጥም አላመጣበትም። እሱ ይዞ የመጣው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ማስረጃውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እንይለት።

መጀመሪያ ለእሱ የሚገባውን እንስጠው፦ ቁጥሩን አልፈጠረውም። አሜሪካ ሜዲኬር የሚባል፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን የሚያሳክም የመንግሥት መድህን አላት። የዚህን መድህን መዝገብ የመረመሩ ሰዎች በዓመቱ ከሚከፈለው ገንዘብ በመጨረሻ የሕይወት ዓመታቸው ላይ ላሉ ሰዎች የሚውለው በ1978 እ.ኤ.አ. 28.3 ከመቶ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ 25.1 ከመቶ እንደነበር ጽፈዋል። ሩብ ማለት ይሄው ነው። እውነት ነው።

ግን እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በእነዚያ 28 ዓመታት የአሜሪካ የሕክምና ወጪ ጣሪያ ነክቷል። የወጪው ማበጥ ምክንያት በመሞት ላይ ያለው ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ የእሱ ድርሻ አብሮ ማበጥ ነበረበት። አላበጠም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀነሰ። ወዳጃችን የሰማው ቁጥር አንድ ነው፤ ሁለተኛውን ቢሰማ ኖሮ የመጀመሪያው ለእሱ እንደማይመሰክርለት ያይ ነበር።

ደግሞስ «የአሜሪካ ወጪ» ያለው ነገር የአሜሪካ ወጪ አይደለም። የሜዲኬር ወጪ ነው። በዋናነት ለሽማግሌዎች በተቋቋመ መድህን ውስጥ ብዙ ሟች መገኘቱ ያስገርማል እንዴ? አዋላጅ ክፍል ገብቶ «እዚህ ሆስፒታል የሚመጣው ነፍሰ ጡር ብቻ ነው» እንደማለት ነው። ስሌቱ በሁሉም ዕድሜ፣ በአገሪቱ ጠቅላላ የሕክምና ወጪ ላይ ሲሠራ ሌላ ነገር ይወጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አሜሪካን፣ ጃፓንን፣ ዴንማርክን፣ ታይዋንንና ሌሎችንም ያነጻጸረ ጥናት እንዳገኘው በመጨረሻዎቹ 12 ወራት ላይ የሚወጣው ከጠቅላላው በአሜሪካ 8.5 ከመቶ፣ ከሁሉም በበለጠባት በታይዋን 11.2 ከመቶ ነው። ሩቡ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። (ያውም የሞተው ሁሉ ሽማግሌ ነው ብለን ብንቆጥር!)

እሺ፣ 8.5ም ይሁን 25 «ባከነ» የሚለው ቃል ግን ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ትልቁ ተንኮል ያለው፤ ቆም ብለን እንየው።

ሁለት የ71 ዓመት ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የሳንባ ምች፣ በአንድ ክፍል ተኙ እንበል። ሐኪሟ ለሁለቱም እኩል ሠራች፤ ኦክስጅን፣ አንቲባዮቲክ፣ ራጅ፣ ያው ነው። በአሥረኛው ቀን አንደኛው ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሁለተኛው አረፉ። አሁን አጥኚው ይመጣና የሟቹን ፋይል ብቻ ከፍቶ «ይኸው፣ በመጨረሻ ዓመት ይህን ያህል ወጣ» ብሎ ይጽፋል። ሐኪሟ ግን በዚያች ሌሊት የትኛው እንደሚሄድና የትኛው እንደሚያርፍ አላወቀችም። ገንዘቡ የወጣው በመሞት ላይ ላለ ሰው አልነበረም፤ ለታመመ ሰው ነበር። ከመቃብር ወደ ኋላ እየቆጠሩ «ባከነ» ማለት ሎተሪ ከወጣ በኋላ ያልወጣለትን ትኬት «ለምን ገዛኸው?» እንደማለት ነው።

ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ አይደለም፤ ተፈትሿል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሜዲኬርን መዝገብ ወስዶ ሞትን ከኋላ ከማየት ይልቅ ከፊት ለመተንበይ ሞከረ። በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ነው ተብሎ አስቀድሞ ሊነገርላቸው በሚችሉ ሰዎች ላይ የወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው 5 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ከሞቱት መካከል ቀድሞ እንዲህ ሊባልላቸው የሚችሉት ደግሞ ከአሥሩ አንዱ አይሞሉም። ወዳጃችን «ለእነዚህ አታውጡ» የሚላቸው ሰዎች በስም ሊጠሩ የሚችሉት ከሞቱ በኋላ ነው። ታዲያ ማንን ሊከለክል ነው? 71 የሆነውን ሁሉ ካልሆነ በቀር!

አሁን ወዳጃችን ወደ ሌላ ጥግ ይሸሻል። «እሺ፣ ሞቱን ተዉት፤ ሽማግሌ በነፍስ ወከፍ ከወጣት ብዙ ያስወጣል፣ ይሄን ትክዳላችሁ?» አንክድም። የየትኛውንም ሀብታም አገር የወጪ መስመር በዕድሜ ብትስሉት ሽቅብ ይወጣል። ነገር ግን መስመሩ ምን እንደሚለካ መጠየቅ አለበት። ከ80 ዓመት ሰዎች መካከል በቅርቡ የሚሞተው ከ30 ዓመቶቹ ይልቅ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ መስመሩን ወደ ላይ የሚያስጎነው ዕድሜው ነው ወይስ ለሞት መቅረቡ? ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ በዓይን አይለዩም። በ1999 እ.ኤ.አ. ፒተር ዝዋይፈልና ባልደረቦቹ የስዊዘርላንድን የመድህን መዝገብ ይዘው ይህንን ለመለየት ሞከሩ። የእያንዳንዱ ሰው ዕለተ ሞት ስንት ጊዜ እንደቀረው ወደ ስሌቱ ሲገባ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከ65 በላይ ያለው ዕድሜ ራሱ ወጪውን የሚወስን ሆኖ አልተገኘም። ሰው በ70ውም በ90ውም የሚሞተው አንዴ ነው። ዕድሜ ሲረዝም ያ ወጪ ይዘገያል እንጂ አይባዛም።

እዚህ ላይ ማጭበርበር እንችል ነበር፤ አናደርገውም። የስዊሶቹ ጥናት ብዙ ተተችቷል። በኋላ የእንግሊዝን የሆስፒታል መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ለሞት መቅረብ ዋናው ቢሆንም ዕድሜም የራሱ ድርሻ እንዳለው አገኙ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እንክብካቤው ነው። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ሌሊት ተነስቶ ማየት፤ ይህ በእርግጥ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ጃፓን በ2000 እ.ኤ.አ. ለእንክብካቤ ብቻ የሚሆን መድህን ለይታ ያቋቋመችው ለጨዋታ አይደለም። ስለዚህ «እርጅና ምንም አያስወጣም» የሚል ካለ እሱም ከወዳጃችን የማይሻል ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ሳይለዩ ፋክቱሩን በሽማግሌ ስም መጻፍ ማስረጃ አይባልም።

ስለ ጃፓን ካነሳን አይቀር፣ ከሕዝቧ 29 ከመቶ ያህሉ 65 ዓመት ያለፈው ነው። አሜሪካ 18 ከመቶ ገደማ ብቻ ናት። አሜሪካ ግን ከጠቅላላ ምርቷ 17 ከመቶ ገደማ ለጤና ስታወጣ ጃፓን 11 ገደማ ታወጣለች። ሁለት አገር ብቻ አነጻጽሮ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ብቻ ወዳጃችን አሜሪካን የጠራው ለአስፈሪነቷ ከሆነ የተሳሳተ አገር ጠርቷል። ጄራርድ አንደርሰን፣ ኡዌ ራይንሃርትና ሌሎች በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለምን ከሌላው እንደምትበልጥ መርምረው የጻፉት መልስ አጭር ነበር፦ ዋጋው! አሜሪካኖች ከሌላው በበለጠ ሐኪም ቤት አይመላለሱም፣ በበለጠም አይተኙም፤ ለተመሳሳይ ነገር የሚጠየቁት ዋጋ ነው የሚበልጠው።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ፤ ዋናው ንዴታችን ያለው እዚህ ነው።

ወዳጃችን የውጭ አገር ቁጥር ተውሶ እዚህ አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ሰጠ። እዚህ 65 ዓመት ያለፈው ሰው ከመቶው ሦስት ገደማ ነው። ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከሦስት ብር አንዱ ያህል በቀጥታ ከሰው ኪስ ይወጣል፤ ማለትም ያቺ ሁለት መቶ ብር፣ የእድር ብድር፣ ከቤሩትና ከጅዳ የምትላክ የእህታችን ገንዘብ። «ሽማግሌው በጀቱን በላው» ለማለት ሽማግሌው ስንት እንደተሰጠው የሚያሳይ ቆጠራ ያስፈልጋል። የት አለ?

ፈለግን። በየጊዜው የሚወጣውንና ሁሉም የሚጠቅሰውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከፈትን። የ2016 እ.ኤ.አ. እትሙ ለቃለ መጠይቅ የሚያስቀምጣቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49፣ ወንዶች ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉትን ነው። የወሊድና የሕፃናት ጥናት ስለሆነ ይሁን እንበል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገውንና የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ የመሳሰሉትን የለካውን አገር አቀፍ ጥናት ከፈትን። ከ15 እስከ 69! ከአዋቂው ወደ 16 ከመቶ የሚሆነው ግፊት እንዳለበት ያገኘው ይኸው ጥናት ነው። ግፊት የዕድሜ በሽታ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ መለኪያው ግን ሰባዎቹ በር ላይ ሲደርስ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ገባ። (የዓለሙም የዘላቂ ልማት ግብ ቢሆን ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች የሚመጣውን «ያለዕድሜ ሞት» ሲቆጥር ከ30 እስከ 70 ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሞት ሰው ከነሕመሙ በዕድሜው የሞተ ነው ማለት ነው።)

አክስትየው 71 ናቸው። በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ የማይጠየቁ፣ ክንዳቸው የማይለካ ሰው ናቸው። ማንም ባልጠየቃቸው ሰው ላይ ነው እንግዲህ «በጥናት ተረጋገጠ» የተባለው።

ነገሩን ገልብጦ የሚመጣም አይጠፋም። «ሽማግሌዎች ጤና ጣቢያ ብዙም አይታዩም፤ ስለዚህ ፍላጎታቸው ትንሽ ነው» ይላል፣ የካርድ መዝገብ ይዞ። ይሄኛው ከወዳጃችን የባሰ ነው። መዝገብ የሚቆጥረው የመጣውን ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር እንደሆነና ግማሹ ያህል ዓይኑን ያጣው በሞራ እንደሆነ አሳይቷል። የዓይን ሞራ በአብዛኛው የእርጅና በሽታ ነው፤ ዓይኑ ብቻ ተደንዝዞ አንድ ሰዓት በማይሞላ ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ሳይታከሙ አሥር ዓመት የተቀመጡ አባት በጤና ወጪ መዝገብ ላይ ስንት ናቸው? ዜሮ። ርካሽ ሽማግሌ! በትር ይዞ የሚመራቸው የልጅ ልጅ ግማሽ ቀን ከትምህርት የሚቀርበት ሂሳብ፣ እሳቸውን ለመጠበቅ ሥራ የተወችው ልጃቸው ደመወዝ፣ ይህ የትም አልተጻፈም። ቅድም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል ያልነው እንክብካቤ እኛ ዘንድ የሚከፈለው በእህቶቻችን ዕድሜ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ነፃ ይመስላል።

የአክስትየው ነገር እንዴት እንደመጣ ደግሞ እንንገራችሁ፣ ክርክሩ ይጠይቃልና። ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኪኒኑን ጀምረው ተዉት። አንዴ እግራቸው አብጦ፣ አንዴ ራሳቸውን አዙሯቸው ሄደው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «ዕድሜ ነው እማማ» የሚል ነበር። ዕድሜ ነው! እሳቸውም አምነው ተመለሱ። «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ነው መድኃኒት የማበዛው» ይሉ ነበር፤ እኛም ቀልድ መስሎን ስንስቅ ኖረናል። ከዚያ አንድ ማለዳ ቀኝ እጃቸው ሲኒ ማንሳት አቃተው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተከፈለው ገንዘብ በየትኛውም ስሌት «የሽማግሌ ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል። እኛ ስናየው ግን ለዓመታት ያልተሰጠ የኪኒን ሂሳብ ነው፣ ከነወለዱ።

ለዚህ ማስረጃ አለን? አለን፣ ያውም ከመዝገብ የተለቀመ ሳይሆን ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያነጻጸረ። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ሙከራ 60 ዓመት ያለፋቸውን ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ረጅም ዕድሜ ባስቆጠረ ርካሽ ኪኒን አክሞ ስትሮክን 36 ከመቶ ቀነሰ። «80 ካለፉ በኋላስ ምን ዋጋ አለው?» ለሚለው ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ፤ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወገን ሞት በ21 ከመቶ ስለቀነሰ ሙከራው ከተያዘለት ጊዜ በፊት ቆመ። ሰማንያ! አክስትየው ለዚያ ሙከራ ገና ልጅ ናቸው።

ወዳጃችን ብልህ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሳብን ነበር። ስላላነሳው እኛው እናነሳለታለን፦ ከስትሮክ የተረፈ ሰው አሥር ዓመት ኖሮ በሌላ በሽታ ይታመማል፤ መከላከል በድምሩ ገንዘብ ላያተርፍ ይችላል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አያተርፍም። «ሽማግሌን ማከም ለበጀቱ ይጠቅማል» ብለን የምንምል ከሆነ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይጥለናል፤ ስለዚህ አንምልም። የጤና ገንዘብ የሚወጣው ጤና ለመግዛት ነው፤ የምንጠይቀው በብሩ ስንት ደህና ዓመት ተገዛ ብለን ነው። የቁጠባ ጉዳይ ከሆነማ ከሁሉ ርካሹ ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ የሚሞተው ነው። እሱን ደግሞ ከበቂ በላይ ሞክረነዋል።

ይህ ሁሉ የካፌ ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍን። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ዛሬ ብዙ ወረዳ ገብቷል። ለመንግሥት ሠራተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው ደግሞ አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሳይሠራበት ቆይቷል። መድህን የሚቆመው ጤነኛው ወጣት ሲገባበት ነው። «የምከፍለው ሽማግሌ እንዲበላው ነው» ብሎ ያመነ ወጣት አይገባም፤ ሲቀር የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መዋጮው ይንራል፣ ወዳጃችንም «አላልኳችሁም?» ይላል። ራሱ ያፈረሰውን ቤት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ማለት ይሄ ነው። የሚገርመው ይኸው ሰው እቁብ ይጥላል። በዚህ ሳምንት ዕጣ የደረሰውን ሰው «እቁቡን በላው» ሲል ሰምተነው አናውቅም፤ ተራ መሆኑን ያውቃላ!

«እሺ፣ ምን ብናመጣ ታምናላችሁ?» ካለን መልሳችን ዝግጁ ነው። የእኛን ሆስፒታሎች መዝገብ ያምጣ፤ ለማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ለየትኛው ሕመም፣ ስንት ወጣ። ከሞተው ጋር የዳነውንም ፋይል ይክፈት። ካርድ ሊያወጣ ያልመጣውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። ያስታማሚዋን ቀን በብር ይተምን። ሰባ ዓመት ላይ የቆመውን መለኪያ ከሻንጣው አውጥቶ ያስቀጥል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ሽማግሌው በጀቱን በላው» የሚል ቁጥር ከወጣ እዚችው ገጽ ላይ በትልቁ እንጽፍለታለን።

አክስትየው ወጥተዋል። ቀኝ እጃቸው ገና ነው፤ ሲኒውን በግራ ነው የሚያነሱት። ኪኒኑ በየወሩ ይገዛል፣ በተራ ነው የምናዋጣው። የሚቀጥለው ወር ተራ የወዳጃችን ነው፤ ነግረነዋል።